ተረከዟ መሬት እስኪነካ

የወንድሜን ሚስት አልወዳትም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ስለ እሷ አንድ ሁለት ደግ ነገር ሳወራ "ልቧ ራርቶ ነው" እንዳይባልብኝ ነው። እሷም አትወደኝም። ከስንቱ ነገር በዚህ አንዱ ላይ ብቻ ተስማምተን እንኖራለን።

ሰፈሩ "መርፌ" ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የዋሆች ናቸው። ስሙ ሲወጣላት እኔ ቤት ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን ያሰፋችው ቀሚስ ወገቡ ጠበበኝ ብላ መጣች። የወንድሜ ሚስት ከማሽኑ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ቀሚሱስ ምን ይበል? የተጨነቀው እሱ ነው" አለቻት። ሴትየዋ ቀሚሷን በጉያዋ ሸጉጣ፣ "ምን ዓይነቷ መርፌ ናት!" ብላ ወጣች። ደግማም አልመጣች፤ ስሙ ግን ቀረ።

ቤቱ አባታችን ለእኔና ለወንድሜ ያወረሰን ነው። እኔ አልወጣም፣ እሱም አይወጣም። ወንድሜ ግን የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ለፍቶ አዳሪ ነው፣ አልወቅሰውም፤ ቢሆንም ሁለት ሴቶችን አንድ ጣሪያ ስር ትቶ ነዳጅ የሚረግጥ ወንድ ሞኝ አይደለም። እኔ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ቀኑን ሙሉ በመስታወት ቀዳዳ ከመንገደኛ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ ያለ መስታወት እቀጥላለሁ። በፊተኛው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል የእሷ የስፌት ማሽን፣ በግድግዳው በኩል የእኔ አልጋ አለ። የኋለኛው ክፍል የእነሱ ነው። መሀል ላይ በር የለም፤ ያለው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ነገር አያግድም።

የባሏ ታላቅ ስለሆንኩ "እትዬ" ትለኛለች። ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። "እትዬ፣ ድስቱን ያሳረርሽው ለእኔ ብለሽ ነው?" "እትዬ፣ ስታንኮራፊ እኮ ማሽኔ አይሰማኝም።" በአክብሮት ይጀምራል፣ አጨራረሱ ሌላ ነው።

የጠባችን ዋናው ሜዳ ልጅቷ ናት። ቤት ውስጥ ሚጣ እንላታለን። ሚጣ ዘግይታ ነው የቆመችው። ስትቆምም በእግሯ ጣቶች ነው፤ ተረከዟ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከጓዳ ነገር ሰርቆ እንደሚወጣ ሰው። መጀመሪያ ሳቅንላት። ወንድሜማ "ልጄ ለቁመት ቸኩላ ነው" እያለ ለሰው ያሳያት ነበር። ኋላ ደረጃ መውጣት አቃታት። ከወለል ስትነሳ በገዛ ጭኗ ላይ በእጆቿ እየተደገፈች ሆነ። ያኔ ሳቁ ቀረና ሆስፒታል ሄድን።

ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንላክ ከርመን በመጨረሻ እምብዛም የማይታዩ የልጆች በሽታዎች የሚጠኑበት ክፍል ደረስን። በሽታው ስም አለው፤ ሐኪሙ ራሱ ወረቀት አይቶ ነው የሚጠራው። ጡንቻ እየደከመ ይሄዳል፣ ጅማት እያጠረ ይሄዳል። "በዘር የሚወረስ ነው" አለን፤ ቤታችን ውስጥ ክብሪት መጫሩን አላወቀም።

"ከእኛ ዘር እግሩ የታመመ የለም። አባታችን እስኪሞት ድረስ ቆሞ ሄዷል" አልኩ ገና ከግቢው ሳንወጣ።

"አንቺስ እትዬ? ወንበር ላይ ስትቀመጪ ጉልበትሽ የሚጮኸው እኮ ጎረቤት ድረስ ይሰማል" አለች።

እኔ የእናቷን ከዘራ አነሳሁ። እሷ የአጎታችንን ሽባነት አነሳች፤ እሱ ግን ከዛፍ ወድቆ ነው። ሰንብተን ሰንብተን የሞቱትን ሁሉ ከመቃብር አውጥተን አንካሳ አደረግናቸው። ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። በኋላ ሐኪሞቹ የእናትም የአባትም ደም ይመርመር አሉ፤ የእኔንም ጨመሩት። ውጤቱን የነገረችን ወጣት ሐኪም ናት። በሽታው የሚመጣው ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲገጥም ነው፣ ወላጆች ራሳቸው ሳይታመሙ ይዘውት ይኖራሉ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "እርስዎም ተሸካሚ ነዎት" አለችኝ። ሁለታችንም ተሸንፈን አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልንወርድ ስንል ብቻ መርፌ፣ "ቢሆንም የእናንተ ወገን ይብሳል" አለችኝ።

ያን ሰሞን አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለመርፌ አንድ ነገር አስተማረቻት። ሁልጊዜ ጠዋት ልጅቷ ከአልጋ ሳትወርድ በአንድ እጅ ጉልበቷን መያዝ፣ በሌላው ተረከዟን አቅፎ የእግሯን መዳፍ ወደ ላይ መግፋት፣ እዚያው አቆይቶ መልቀቅ፣ ደግሞ መግፋት። ጅማቱ እንዳያጥር በየቀኑ መለጠጥ አለበት። ጉልበት ይፈልጋል፤ ልጅቷንም ያማታል። መርፌ ይህን ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጠዋት እንኳ አላሳለፈችም። ትኩሳት ይዟት ለጥጣለች፤ እናቷን በቀበረች ማግስት ዓይኗ አብጦ ለጥጣለች። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከእኔ ጋር እየተጣላች ነው የምትለጥጠው፤ አፏ በመጋረጃው በኩል ከእኔ ጋር፣ እጆቿ ከልጇ እግር ጋር። እጆቿ እሷን አይጠብቁም፣ ሥራቸውን ያውቁታል።

እኔ ነክቼው አላውቅም። ልጅ ሲያለቅስ እጄ ይከዳኛል። እግር መያዝም አልወድም፤ አልዋሽም። "እትዬ ብትነካት የሚጋባባት መሰላት" እያለች ለጎረቤት ታወራብኝ ነበር።

ጥናቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ሚጣ ያሉ ጥቂት ልጆች ተሰብስበው አዲስ መድኃኒት ይሞከርባቸዋል ተባለ። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ሽሮፕ ይወስዳሉ፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሞቹም አያውቁም። በየቀጠሮው ሚጣ በረጅሙ ኮሪደር ላይ በሁለት ብርቱካናማ ምልክቶች መሀል ወዲያና ወዲህ ትራመዳለች፣ አንዲት ነርስ ሰዓት ይዛ ትከተላታለች። የጥናቱ መሪ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ረጅም ፕሮፌሰር ነው። ምንም ብትጠይቀው መልሱ "እንጠብቅ" ስለሆነ መርፌ ስሙን "እንጠብቅ" አለችው። "ዛሬ እንጠብቅ ጋ ቀጠሮ አለን" ትላለች ያለ ምንም ሳቅ። ሽሮፑን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ቀመሰችው። "ስኳር ነው። ለእኔ ልጅ የደረሳት ስኳሩ ነው" አለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያስተዋት አልቻለም።

ሚጣ አደገች፣ ተረከዟም ከእሷ ጋር ወደ ላይ ሄደ። መለጠጡ አልበቃ አለ። ትምህርት ቤት ስትሰለፍ ግድግዳ ካልያዘች አትቆምም። ወደ አንዲት የአጥንት ቀዶ ሐኪም ወሰድናት። አጭር ናት፣ ቃል የምትከፍልበት ይመስል ቆጥባ የምትናገር ሴት። የሚጣን እግር ወዲያና ወዲህ አጠፈችና፣ "ጅማቱን ማስረዘም እችላለሁ። አሁን ከሆነ መሬት ትረግጣለች። ከቆየ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ያኔ አትምጡብኝ" አለች።

ጥናቱ ግን ሕግ አለው፤ በመሀል ቀዶ ሕክምና ያደረገ ልጅ ይወጣል። መርፌ እኔን ይዛኝ እንጠብቅ ቢሮ ገባች። የወሰደችኝ እንድመሰክርላት እንጂ እንድናገር አልነበረም።

"እንጠብቅ፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ብቻ" አለ ፕሮፌሰሩ። "አሁን ጅማቷ ከተነካ፣ ብትራመድ በመድኃኒቱ ይሁን በቀዶው ማን ይለየዋል?"

"እኔ መለየት አልፈለግሁም። መራመዷን ነው የምፈልገው።"

"እንዲህ ያሉ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ አንዷ ስትወጣ ጥናቱ ይጎዳል። ገና የሚወለዱም አሉ። ስለ እነሱም ማሰብ አለብን።"

"የሚወለዱት እናት ይኖራቸዋል፤ ታስብላቸው። የዚችኛዋ እናት እኔ ነኝ።"

"እኅቴ፣ ስሜታዊ አትሁኚ…"

"እኅትህ አይደለሁም!" አለችው። እስከዚያ ድረስ በ"እርስዎ" ነበር የምታናግረው። የሽሮፑን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው። "ይኸው ስኳርህ!"

ያን ለስላሳ ሰው ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ነው። ጆሮው ቀላ። "ስኳር ካልሆነስ?" አላት። "እየረዳት ከሆነስ? በገዛ እጅሽ እያወጣሻት ነው። ይህን እወቂው፤ በገዛ እጅሽ።"

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ኮርቼባት ነበር። እቤት ስንደርስ ግን ፍርሃት ያዘኝ፣ እኔ ስፈራ ደግሞ እሳደባለሁ። "ሰውየው እውነቱን ነው። በልጅ ላይ ቁማር ትጫወቻለሽ" አልኳት። "ብትወልጂ ኖሮ ይገባሽ ነበር፣ እትዬ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀዶው ቀን በሚጣ በኩል ካልሆነ አልተነጋገርንም። "እናትሽን ጨው አልቋል በያት።" "አክስትሽን ዓይኗ ካልታመመ ከፊቷ ነው ያለው በያት።"

ቀዶው ደህና ሆነ። ሚጣ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታሽጋ ከርማ፣ ጀሶው ሲወጣ እግሯን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ተደረገላት። ቀዶ ሐኪሟ መርፌን ዓይን ዓይኗን እያየች አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻት። "አሁን ማንም አይለጥጣት። ጅማቱ ገና ጥሬ ነው። ለመታጠብ ድጋፉ ሊወልቅ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ እግሯ አይነካ። እኔ ጀምሩ እስክላችሁ።"

"ገብቶኛል" አለች መርፌ። ገብቷትም ነበር። ያልገባቸው እጆቿ ናቸው።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ጫማዬን ስስር ስለ ሳሙና ተጣላን። ሳሙናውን ማን ጨረሰው ነው ነገሩ። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ለብ ያለ ውኃ በሳህን አስቀምጣ፣ የሚጣን ድጋፍ አውልቃ እግሯን ታጥባለች። "ፊትሽን የምትታጠቢው በሳሙና ነው ወይስ ትበይዋለሽ?" ትለኛለች። እኔም የሚመጥናትን እመልሳለሁ። ድንገት ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው። ከዚያ የሚጣ ድምፅ መጣ፣ ገና ለቅሶ አልሆነም፣ ቀስ ያለ ነው።

"እማዬ፣ አትለጥጪ ተብለሽ የለ?"

ከዚያ ነው የጮኸችው።

መጋረጃውን ገለጥኩ። መርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች፤ አንዱ እንደ ልማዱ ከጉልበት በላይ፣ ሌላው ተረከዙ የነበረበት ባዶ አየር ላይ። የሚጣ እግር እንደ ላላ ካልሲ ተንጠልጥሏል። "በገዛ እጅሽ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት ዘመኗ ቀና ብላ አትመልስልኝም ነበር። ዋጥኩት። ደግ ሆኜ አይደለም። ፊቷን አየሁት፣ እዚያ ፊት ላይ የሚጨመርበት ቦታ አልነበረም። ሚጣን አቅፌ ወጣሁ፤ እሷም በነጠላ ጫማ ተከተለችኝ።

ቀዶ ሐኪሟ ሚጣን በደረቷ አስተኝታ ባቷን ጨመቀችው። ጅማቱ ጤነኛ ቢሆን የእግሯ መዳፍ መነቃነቅ ነበረበት። አልተነቃነቀም። "ተበጥሷል። ምን ሆና ነው?" አለች። ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም፣ እንጠብቅም ነጭ ገዋኑን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

መርፌ ዓይኗን ከእጆቿ ላይ አላነሳችም።

"ከአልጋ ወድቃ ነው" አልኩ እኔ።

ለምን እንደዋሸሁ አስቤበታለሁ። ስለምወዳት አልነበረም። የቤታችንን ነገር እኛው እንናከስበት እንጂ፣ በር ላይ ቆሞ "ብያችሁ ነበር" ለማለት ለተዘጋጀ ሰው አሳልፌ አልሰጥም፤ ይኸው ነው። ሚጣ በደረቷ እንደተኛች ቀና ብላ አየችኝ። ጎበዝ ናት፣ ዝም አለች።

ቀዶ ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። "ከአልጋ ብቻ ወድቃ?" አለች። "እንግዲያው ጅማቱ ራሱ በበሽታው አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጅማት ብሰፋውም አይዝም። ሁለተኛ ቀዶ አላደርግላትም፣ በከንቱ አላሠቃያትም። ተሽከርካሪ ወንበር ይታዘዝላት።"

ውሸቴን መልሼ ልውጠው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ መርፌ ቀደመችኝ።

"አልወደቀችም" አለች። "እኔ ነኝ የበጠስኩት። በዚህ እጄ። አትለጥጪ ብለውኝ ለጠጥኳት።"

ይህች ሴት በሕይወቷ "ተሳሳትኩ" ብላ አታውቅም። የደንበኛ ሱሪ አሳጥራ ብትሰፋ እንኳ ሰውየው ረዝሞ ነው የምትል ናት። እኔ እያለሁ፣ እንጠብቅም እያለ፣ ልጇ እየሰማች ተናገረችው።

ቀዶ ሐኪሟ ተመልሳ ተቀመጠች። "እንዴት አድርገሽ ነው የገፋሽው?"

"እንደ ሁልጊዜው።"

"በሙሉ ጉልበትሽ?"

"በሙሉ ጉልበቴ።"

"እንደዚያ ከሆነ ጅማቱ ደህና ነው። እንዲህ የለመደ እጅ ሲገፋው ገና ያልጠናው ቀርቶ ሌላውም ይበጠሳል። ነገ ጠዋት እሰፋዋለሁ።"

መርፌ ወደ በሩ ዞረች። "በል" አለችው እንጠብቅን። "በገዛ እጅሽ በለኝ እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?"

ሰውየው መሬት መሬት አየ። "አልልም" ብሎ ሄደ። በዚህ አንድ ነገር አከብረዋለሁ።

"በምን ዓይነት ክር ነው የሚሰፉት?" አለች መርፌ ወደ ቀዶ ሐኪሟ ተመልሳ። "ጫፉ የተፈታ ነገር ድርብ ስፌት…"

"እኔ ያንቺ ማሽን ጋ መጥቼ አስተምሬሽ አውቃለሁ?" አለቻት ሐኪሟ። 

ኮሪደሩ ላይ ብቻችንን ስንሆን ግን በእኔ ላይ ወረደችብኝ። እነዚያ ብርቱካናማ ምልክቶች መሀል ቆመን ነበር። "በአንቺ ውሸት ልጄ ልትቀር ነበር እኮ!" አለች። "ማን ጠየቀሽ? ማን ዋሺልኝ አለሽ? ሁለተኛ ስለ እኔ ብለሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ!"

"ስለ አንቺ ብዬ መሰለሽ?" አልኳት። የምትለው ሁሉ ልክ ስለነበር ይበልጥ ተናደድኩ። ነርሷ ወጥታ እስክታስወጣን ድረስ ተጯጯህን።

ሁለተኛው ቀዶ ከመጀመሪያው ረዘመ። ሚጣ እንደገና ጀሶ ገባች። ቤት በመጣች ዕለት መርፌ ልጇን ታቅፋ፣ ወደ ራሷ መጋረጃ ሳታልፍ፣ መጥታ እኔ አልጋ ላይ አስተኛቻት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ከአንቺ ጋ ትተኛ። ጠዋትም አንቺ እጠቢያት።"

"እኔ? አንቺ እያለሽ?"

"አንቺ እግሯን ነክተሽ አታውቂም፣ እትዬ። በዚህ ቤት ውስጥ ምንም ያልለመደ ሰነፍ እጅ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ስድብ ነው ብዬ ልመልስላት አፌን ስከፍት እጆቿን አየኋቸው። ሁለቱንም በብብቷ ስር ደብቃቸው ነበር። እሺ አልኩ፣ ትራሴንም ወደ ግድግዳው ገፋሁላት።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ሚጣ በእንቅልፏ ያን ጀሶ ታዞረውና ወገቤን ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ማሽኑ ይጮኻል። መርፌ ልጇን ትለጥጥ በነበረበት ሰዓት ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። አንድ ቀን በትከሻዋ በኩል ሳይ ማሽኑ ክር የለውም። ባዶውን ነው የምታስኬደው፤ እጆቿ ሥራ እንዳይፈቱ። ያን አይቼ አንድ ነገር ልላት ፈለግሁና፣ "ራሴን አመመኝ፣ አጥፊው" አልኳት። "ጆሮሽን ድፈኚ" አለችኝ።

ጀሶው ወጣ፣ ድጋፉ ተደረገ፣ ቀጠሮው ደረሰ። ቀዶ ሐኪሟ ሚጣን በባዶ እግሯ ሸክላው ወለል ላይ አቆመቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እንደ ልማዷ ልትንጠራራ ሞከረች። ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች። ተረከዟ መሬት ነካ።

"እማዬ፣ ይቀዘቅዛል!" አለች።

ተረከዟ ወለል ረግጦ አያውቅማ። መርፌ ወደ መስኮቱ ዞራ አለቀሰች። እኔም ወደ በሩ ዞሬ አለቀስኩ፤ እንዳንተያይ።

ስንወጣ እንጠብቅ አገኘን። ጥናቱ አልቆ የእያንዳንዱ ልጅ ምስጢር ተገልጧል። "ሚጣ ስትወስድ የነበረው እውነተኛውን መድኃኒት ነው፤ ይሥራ አይሥራ ግን ገና አልለየም" አለን ፈራ ተባ እያለ። መርፌ ትንሽ አሰበች። "ጣዕሙ ግን ስኳር ነበር" አለችው።

በሽታው አልሄደም። ከእግር ቀጥሎ ክርን ነው፣ ከክርን ቀጥሎ ጣት ነው ብለውናል። ቀዶ ሐኪሟም ከበሩ ጠርታን፣ "አሁን መለጠጥ ጀምሩ" አለች። "በቀስታ። ካልጀመራችሁ እንደገና ያጥራል።" መርፌ ይህን ስትሰማ አመድ መሰለች።

በማግስቱ ጠዋት ሚጣ ወደ እናቷ አልጋ ተመልሳለች፣ እኔም ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ማሽኑ አልጮኸም። ከመጋረጃው ወዲያም የሚሳደብ የለም። በጣም ስለቆየ ግራ ገባኝ።

"እትዬ!" አለችኝ በመጨረሻ። "እስቲ ነይ።"

ገባሁ። የሚጣን ተረከዝ በእጇ አቅፋለች፤ አልገፋችም። በአገጯ ከፊቷ ያለውን በርጩማ አሳየችኝ።

"እዚህ ተቀመጪና እጄን እዪ። ከልክ በላይ ከገፋሁ በጥፊ በይኝ።"

"እውነትሽን ነው?"

"ሳታዝኚ።"

"በደስታ" አልኳት፣ ተቀመጥኩም። ሚጣ ሳቀች። መርፌ ገፋች፣ አቆየች፣ ለቀቀች።

አሁን ሁልጊዜ ጠዋት እንዲህ ነው የምናደርገው። ሥራ እያረፈድኩ አለቃዬ ይቆጣኛል። መርፌ እየለጠጠች አትናገርም፣ እኔም ዓይኔን ከእጇ አላነሳም፤ ጠባችን የሚጀምረው ድጋፉ ከታሰረ በኋላ ነው። እስካሁን አልመታኋትም። ግን መዳፌን ዘርግቼ ነው የምቀመጠው።